ከቀይ ወዲያ ምን አለ?

በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕዝብ ይኖራል ቢባል ሐሰት አይሆንም። አንደኛው ወገን ነጭ ካፖርት ለብሶ ላቦራቶሪ የሚገባው ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንደ እኔ ያለው፣ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር ሲከራከር የሚውለው ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ሲሆን፣ በዚያም የሚነጋገሩት ስለ ወጡ መቅጠን እንጂ ስለ ዕውቀት አይደለም። እኛ የፊዚክስ ነገር ሲነሣ «እሱ የነርሱ ነው» ብለን እናልፋለን፤ እነርሱም የቅኔና የፍልስፍና ነገር ሲነሣ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። እኔ ዛሬ ድንበሩን ተሻግሬ ስለ ብርሃን ልጽፍ ተነሥቻለሁ። የሳይንስ ተማሪዎች ይታገሡኝ፤ የአርትስ ጓደኞቼም «ደግሞ እሱን ምን አገባው?» ከማለታቸው በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በበር ሳይሆን በመስኮት ነው፤ ይኸውም በፍልስፍና ትምህርት በኩል። ዕውቀት ሁሉ በሚታይና በሚመረመር ነገር ላይ ብቻ መመሥረት አለበት እያለ ያስተማረው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኮንት፣ በ1835 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ከዋክብት ሲጽፍ አንድ የቁርጥ ፍርድ ሰጠ። የከዋክብትን ቅርጽ፣ ርቀት፣ ግዝፈትና አካሄድ ለማወቅ ይቻል ይሆናል፤ ከምን ከምን እንደ ተሠሩ ግን የሰው ልጅ በምንም ዘዴ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚል ነበር ፍርዱ። ሰውየው ሞኝ አልነበረም። አንድ ነገር ጨው ይሁን ስኳር ለማወቅ መቅመስ ያስፈልጋል። አንጥረኛም ወርቁን ከነሐስ ለመለየት በእጁ መያዝ፣ በእሳት መፈተን አለበት። ኮከብን ማን ይቀምሰዋል? ማንስ በእሳት ይፈትነዋል? ከኮከብ ወደ እኛ የሚመጣው ብርሃኑ ብቻ ነው። ኮንት በ1857 ሞተ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1859፣ በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ከተማ ያ የማይቻለው ነገር ተቻለ።

እንግዲህ ፈላስፋው ያላየው በብርሃን ውስጥ ተጽፎ የነበረ ምን ነገር ነው?

ብርሃን ምንድር ነው የሚለው ጥያቄ በፊዚክስ ሰዎች ዘንድ ብዙ ጣጣ እንዳለበት ሰምቻለሁ፤ እኔ ለጉዳዬ የሚበቃኝን ያህል ብቻ ልውሰድ። ብርሃን እንደ ሞገድ ይጓዛል። በሐይቅ ላይ ድንጋይ ሲወረወር ውሃው ከፍ ዝቅ እያለ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ከአንዱ ሞገድ ራስ እስከ ሚከተለው ራስ ድረስ ያለው ርቀት የሞገዱ ርዝመት ይባላል። ይህ ቃል ለእኔ አዲስ አልነበረም። አባቴ በገጠር ሳሉ ማታ ማታ ራዲዮናቸውን ከጆሯቸው አስጠግተው በአጭር ሞገድ 31 ሜትር ላይ ዜና ይፈልጉ ነበር። ያ «31 ሜትር» የሚሉት ነገር የሞገድ ርዝመት መሆኑን፣ የኩራዙም ብርሃን ከራዲዮኑ ሞገድ ጋር የአንድ እናት ልጅ መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ነው። ልዩነታቸው የርዝመት ብቻ ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ነው። ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲካፈል ነው። አጭሩ ሐምራዊ ሆኖ ይታየናል፣ ረዥሙም ቀይ። ከዚያ ወዲህና ወዲያ ግን ከአቶም አስኳል ከሚወጣው ጨረር ጀምሮ እስከ አባቴ ራዲዮ ድረስ የተዘረጋ ሌላ ዓለም አለ። ለሙዚቃ ሰዎች እንዲገባቸው፣ 700 የ400 እጥፍ እንኳ አይሞላምና፣ ዓይናችን የተሰጠው አንድ ኦክታቭ የማትሞላ ዜማ ናት።

ሙዚቃን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ከቀይ ወዲያ ሌላ ነገር መኖሩን መጀመሪያ ያገኘው ሰው ሙዚቀኛ ነበር። ዊልያም ኸርሸል በሃኖቨር ተወልዶ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደና በባዝ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እየመታ ይተዳደር ነበር። ሌሊት ሌሊት ግን በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ ሰማይን ይመለከታል፤ በ1781 ኡራኑስ የተባለውን ፕላኔት ያገኘውም በዚሁ ነው። በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ፤ የትኛው ቀለም ይበልጥ እንደሚያሞቅ ለማወቅ ፈልጎ ነበር። አንዱን ቴርሞሜትር ደግሞ ከቀዩ ቀለም አለፍ አድርጎ፣ ምንም ብርሃን ከማይታይበት ቦታ ላይ አኖረው። ከሁሉም የበለጠ የሞቀው ያ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ የምንለው ይህ ነው። እኛ የምናውቀው በቆዳችን ነው፤ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ፊቱን ያልሞቀው ማን አለ? በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዮሐን ሪተር የተባለ ጀርመናዊ በሐምራዊው ማዶ፣ እንዲሁ በማይታየው ቦታ ላይ፣ የብር ጨው የተቀባ ወረቀት ሲጠቁር አየ። ልዕለ ሐምራዊ የምንለው እርሱ ነው። ይህን ብርሃን ንብ ታየዋለች። ለእኛ አንድ ወጥ ብጫ የሚመስለን አንዳንድ አበባ ለንብ መሐሉ የጨለመ፣ ዙሪያው የበራ ኢላማ ሆኖ ይታያታል፤ በአንጻሩ እኛ የምናየውን ቀይ አታይም። የጠጅ ወዳጆች ሊያመሰግኑት የሚገባ የሞገድ ርዝመት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛችን ጥቂት ልናገር። የቀለም ስሞቻችን ብዙዎቹ ከነገር የተዋሱ ናቸው፦ ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን፣ አመድማ ከአመድ፣ ሰማያዊ ከሰማይ። ቀለሙን ነገሩ ይጠራዋል እንጂ ራሱን ችሎ አይቆምም። ኒውተን ብርሃንን በፕሪዝም ከፍሎ ሰባት ቀለም ብሎ ሲቆጥር፣ ሰባት ያደረገው ከሙዚቃ ድምፆች ጋር ለማስማማት ብሎ ነበር፤ በቀስተ ደመናው ላይ የተሰመረ አጥር የለም። የእኔ አያት የማርያም መቀነት በታየ ቁጥር ቀይ፣ ብጫ፣ አረንጓዴ ብለው ሦስት ብቻ ይቆጥራሉ። አያቴ ከኒውተን አያንሱም፤ ሁለቱም ያለ ስፌት የተሠራውን መቀነት በገዛ መቀሳቸው ቆራረጡት እንጂ። ሰማዩስ ለምን ሰማያዊ ሆነ ቢባል፣ አየር የሞገዱ ርዝመት አጭር የሆነውን ብርሃን ከረዥሙ ይልቅ አብልጦ ስለሚበትነው ነው። 450 ናኖሜትር የሆነው ብርሃን 700 ከሆነው ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ ይበተናል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርሃኗ በአየር ውስጥ ረዥም መንገድ ስለሚሄድ አጭሩ ሞገድ በመንገድ ተበትኖ ያልቅና ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ቀዩ ይሆናል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የጀምበር መጥለቅ ውበቱ ቀነሰብህን? ብለው የሚጠይቁኝ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አሉ። አልቀነሰብኝም፤ እንዲያውም በዚያች ሰዓት ወደ ምዕራብ ካለው አገር ላሉ ሰዎች የእኛ ቀይ ፀሐይ ገና ነጭ መሆኗን ማሰብ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሃይድልበርግ ልመለስ። ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ አንዱ የፊዚክስ ተማሪ ነው። አንድ ቀን አሮጌ ሲዲ አምጥቶ በኮሪደሩ ሸምበቆ መሰል መብራት ሥር አዘንብሎ ያዘልኝ። በሲዲው ላይ የታዩት ቀለሞች እንደ ማርያም መቀነት የተያያዙ አልነበሩም፤ ደማቅ አረንጓዴ ለብቻው፣ ሰማያዊ ለብቻው፣ በመካከላቸው ጨለማ። ከዚያ በኋላ በአንዱ መብራት በጠፋበት ሌሊት (ይህ ዕድል በግቢያችን አይጠፋም) በሻማ ደገምነው፤ የሻማው ቀለሞች ሳይቋረጡ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ፈሰሱ። ለምን ይለያያሉ? በኮሪደሩ መብራት ውስጥ የሜርኩሪ ተን አለ፤ ሜርኩሪ የሚያበራው በራሱ የሞገድ ርዝመቶች ላይ ብቻ ነው። ያ አረንጓዴ 546 ናኖሜትር ነው፤ በአዲስ አበባም ቢሆን በጨረቃ ላይ ያው ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንዲህ ያለ ፊርማ አለው፤ ማንም አስመስሎ ሊፈርመው አይችልም።

ወጥ ቤት የገባ ሁሉ ከነዚህ ፊርማዎች አንዱን አይቶታል። ሹሮ ገንፍሎ ከቡታጋዙ እሳት ላይ ሲፈስ ሰማያዊው ነበልባል በድንገት ብጫ ይሆናል። ያ ብጫ የጨው ነው፤ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም በ589 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል። ጀርመናዊው መስታወት ሠሪ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 የፀሐይን ብርሃን በጥሩ ፕሪዝም ሲመረምር በቀለሞቹ መካከል ከ500 በላይ የሆኑ ጥቋቁር መስመሮች አየና አንድ በአንድ መዘገባቸው፤ ምን እንደሆኑ ግን ሳያውቅ ሞተ። ኪርኾፍና ቡንዘን በሃይድልበርግ የገለጡት ምሥጢር ይህ ነው፦ ንጥረ ነገር ሲግል የሚያበራውን የሞገድ ርዝመት፣ ከኋላው ይበልጥ የጋለ ብርሃን ሲመጣበት ያንኑ ውጦ ያስቀረዋል። ከፀሐይ መስመሮች አንዱ ልክ ከጨው ብጫ ቦታ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ስለዚህ በሹሯችን ያለው ሶዲየም በፀሐይም ላይ አለ። ማንም ወደ ፀሐይ አልሄደም፤ ማንም አልቀመሰም። በ1868 ደግሞ በፀሐይ ዙሪያ የማንም ያልሆነ ብጫ መስመር ታየ፤ ባለቤቱን በግሪክኛ በፀሐይ ስም ሂሊየም አሉት። በምድር ላይ የተገኘው ከ27 ዓመት በኋላ በ1895 ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ልቤን የነካው ግን የአንዲት ተማሪ ነገር ነው። ሲሲሊያ ፔይን በእንግሊዝ አገር በ1900 ተወለደች። በኬምብሪጅ ተምራ ጨረሰች፤ ዳሩ ግን ዩኒቨርሲቲው እስከ 1948 ድረስ ለሴቶች ዲግሪ አይሰጥም ነበርና ያለ ዲግሪ ወጣች። በ1923 ወደ አሜሪካ ተሻግራ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ገባች። በዚያም ለብዙ ዓመታት በመስታወት ሰሌዳ ላይ የተነሡ የከዋክብት ብርሃን ፊርማዎች ተከማችተው ነበር። በዚያን ዘመን ሊቃውንቱ ሁሉ ፀሐይና ከዋክብት ምድራችን ከተሠራችበት ነገር፣ በዚያውም መጠን፣ የተሠሩ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር፤ የብረት መስመሮች በብዛት ይታያሉና። ፔይን ግን ሕንዳዊው ሜግናድ ሳሃ በ1920 ያወጣውን ሒሳብ ይዛ መረመረችው። የመስመሩ መጉላት የንጥረ ነገሩን ብዛት ብቻ ሳይሆን የኮከቡንም ግለት የሚያሳይ መሆኑን አስልታ ብታስተካክለው፣ ሃይድሮጅን በከዋክብት ውስጥ ከብረታ ብረቱ ወደ ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል የሚል ውጤት ወጣ። ከዋክብት ከእኛ ምድር ፈጽሞ በተለየ አኳኋን የተሠሩ ናቸው ማለት ነው።

ዕድሜዋ 25 ነበር። ጽሑፏ በጊዜው ስሙ ገናና ወደ ነበረው ወደ ፕሪንስተኑ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ተላከ፤ እርሱም ይህ ሊሆን አይችልም ሲል መለሰ። ፔይን በ1925 ባቀረበችው የዶክትሬት ጽሑፍ ላይ ያንን ውጤት ከነቁጥሩ አስቀመጠችና፣ እውነት አለመሆኑ ግን የተረጋገጠ ያህል ነው የሚል ቃል አከለችበት። አራት ዓመት ቆይቶ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ፤ በ1929 ባሳተመው ጽሑፍም የእርሷን ሥራ ጠቀሰ።

ይህን ታሪክ ሳነብ በብርቱ አዘንሁ። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ በእርሷ ቦታ ሁን። ቁጥሩ በእጅህ ነው፤ ቁጥሩን የሚያጸድቀው ሰው ግን ሥራም ሆነ ዲግሪ በእጁ ነው። የሚከሷት ጓደኞች አሉኝ፤ «ለምን አልጸናችም?» ይላሉ። እኔ አልከሳትም። ቁጥሩን አልሰረዘችውም፤ ትቶት ማለፍ ቀላል ሆኖ ሳለ በሰንጠረዡ ውስጥ አኖረችውና ስለ እርሱ የተጻፈው ቃል ብቻ የሌላ ሰው ቃል ሆነ። እኛስ በየሴሚናሩ የምንጽፈው ቃል ስንቱ የራሳችን ነው? አንድ መምህር (ስማቸውን አልጠቅስም) በክፍል ውስጥ አማርኛ የቅኔና የተረት ቋንቋ እንጂ የሳይንስ ቋንቋ ሊሆን አይችልም ሲሉ ተናግረው ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። «በምንም ዘዴ አይችልም» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ኮንት ትዝ ይለኛል። ይህን ጽሑፍ በአማርኛ የምጽፍበት ግማሽ ምክንያት ያ ቀን ነው፤ ግማሹ ምክንያት ደግሞ ወደ ኋላ የምናገረው ነው። ፔይንም በ1956 በሃርቫርድ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች።

ስለ ጠፈሩ የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። በ1965 ፔንዚያስና ዊልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ7 ሴንቲሜትር ሞገድ ላይ ከሰማይ ዙሪያ ሁሉ የሚመጣ የማያቋርጥ ሹክሹክታ መስማታቸውን አስታወቁ። በመጀመሪያ በአንቴናው ውስጥ የሰፈሩትን ርግቦች ጠርጥረው ኩሳቸውን ጠራርገው አውጥተው ነበር፤ ሹክሹክታው ግን አልጠፋም። ከ13 ቢሊዮን ዓመት በፊት ፍጥረተ ዓለሙ ገና እንደ ፍም የጋለ ሳለ የወጣ ብርሃን ነው፤ ዓለሙ በተለጠጠ መጠን ሞገዱም ከሺህ እጥፍ በላይ ተለጥጦ ከዓይን ወደ ራዲዮ ተዛወረ። በዲሴምበር 25 ቀን 2021 ወደ ጠፈር የተላከው፣ የ6.5 ሜትር መስታወት ያለው ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕም በኸርሸል ታሕተ ቀይ የሚያየው አንዱ ምክንያት ይኸው መለጠጥ ነው፤ የጥንቶቹ ጋላክሲዎች ብርሃን ከቀይ ወዲያ አልፎ ይደርሰናልና።

ነገር ግን ይህ የማይታይ ብርሃን ወደ ላይ ለማየት ብቻ አይደለም፤ ወደ ታችም ያያል። ለእኔ ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ውጦ ምግቡን ይሠራበታል፤ ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ 800 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን፣ ግን አብዛኛውን መልሶ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። ዓይናችን ታሕተ ቀይን ቢያይ ኖሮ የነሐሴ ማሳ አረንጓዴ ሳይሆን የሚያንጸባርቅ ነገር ሆኖ ይታየን ነበር። ቅጠሉ ሲጠማ ይህ ነጸብራቅ ይደክማል። በጁላይ 1972 የተተኮሰችው የመጀመሪያዋ የላንድሳት ሳተላይት በቀይና በታሕተ ቀይ ብርሃን ምድርን እየቃኘች ትዞር ነበር። በዚያው ወቅት በወሎ ዝናብ ጠፍቶ ነበር። በ1973 ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር ሲረግፍ፣ ረኃቡን ለዓለም የገለጠው በሳተላይት የተነሣ ሥዕል አልነበረም፤ ወደ ስፍራው የሄዱ ሰዎች በተራ ካሜራ ያነሡት ፎቶግራፍና ፊልም ነበር። ማየት ሳይቻል ቀርቶ አይደለም፤ የሚያውቁት ሰዎች እንዳይነገር ስለ ፈለጉ ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ያንን ዘመን አያቴ በስም አይጠሩትም፤ «ያ ጊዜ» ብቻ ይሉታል።

ዛሬ የረኃብ ማስጠንቀቂያ የሚሰጡ ድርጅቶች በየወቅቱ የአገራችንን ማሳ በቀይና በታሕተ ቀይ ብርሃን እያነጻጸሩ ይመለከታሉ። ኢትዮጵያም በዲሴምበር 2019 እንዲህ ያለ ካሜራ የተሸከመች የራሷን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስተኩሳለች። ይሁን እንጂ በ2008 በደቡብ አገራችን የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ዝናቡ ዘግይቶ መጣና ምድሩ ለመለመ፤ ሰዎች ግን በዚያ ልምላሜ መካከል ተራቡ። «አረንጓዴ ረኃብ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ቅጠሉ ለሰማይ ያበራል፤ እህሉ ግን ገና አልደረሰም፤ ያለፈው ዓመት እህልም አልቋል። በ800 ናኖሜትር ላይ ጎተራ አይታይም።

ይህን ሁሉ ባለፈው ወር በስልክ ለአባቴ ነገርኋቸው። ስለ ከዋክብቱ ብዙም አልገረማቸውም፤ የራዲዮናቸው ሞገድና የኩራዙ ብርሃን ወንድማማች መሆናቸውን ስነግራቸው ግን ሳቁ። ስለ ሳተላይቱ ሳወራላቸው ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፦

«ልጄ፣ እንግዲህ ከላይ ሆኖ ማሽላዬን ያየዋል ነው የምትለኝ?»

«አዎን አባባ፣ ቅጠሉን ያየዋል።»

«ፍሬ መያዙንስ?»

«እሱን አያይም።»

«እንግዲያስ ከላይ ያየው ሰው ወርዶ ይጠይቀኝ፤ ቤቱን ያውቀዋል» አሉኝ። ከዚያም ካርዳቸው አለቀና ስልኩ ተቋረጠ።